ልጄን ማዘል የጀመርኩት በ6 ዓመቱ ነው

የማሙሽ አባት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የልዩ ፍላጎት ልጆች ወላጆች ገጽ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ የእናቶችን ጽሑፍ እያነበብኩ ዝም ብዬ ነበር የምወጣው።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ፣ ሰውነትን ማዘዝ የሚያስቸግር ነው። ምጡ ረጅም ነበር፤ ሲወለድ አላለቀሰም። ከዚያ በኋላ ያለውን እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አንገቱን የያዘው በ2 ዓመቱ ነው። አሁንም ሳይደገፍ አይቀመጥም። እግሮቹ ይገተራሉ፣ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። አይናገርም፣ ግን ሁሉን ይሰማል። የበሩ ቁልፍ ሲንኳኳ እኔ መሆኔን ያውቃል።

እስከ አምና ድረስ ጥሩ አባት ነኝ ብዬ አምን ነበር። ሥራዬ ብየዳ ነው። የመድኃኒቱን፣ የፊዚዮቴራፒውን፣ የዳይፐሩን ብር አጉድዬ አላውቅም። ጠበል ሲባል፣ ሐኪም ሲባል የትራንስፖርት ሰጥቼ እልካለሁ። የምትሄደው እናቱ ናት። ጠዋት እሷ አዝላው ትወጣለች፣ እኔ ወደ ሥራዬ እወጣለሁ። ማታ ስገባ ተኝቷል።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ 4ኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። 6 ዓመት ሙሉ በዚያ ደረጃ አዝላው የወጣችውም የወረደችውም እሷ ናት። አምና ጥቅምት ላይ ወገቧ ተያዘ። ዲስክ ነው አሏት። ለ3 ወር ምንም ከባድ ነገር እንዳታነሺ ተባለች። ልጁ 17 ኪሎ ነው።

በማግስቱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ነበረው። አቅፌው ልወርድ ሞከርኩ። 2ኛ ፎቅ ሳልደርስ ክንዴ ዛለ። እሱም እግሩን ገትሮ ሊያመልጠኝ ደረሰ። ባለቤቴ ከላይ ሆና «እዘለው» አለችኝ። ተመልሼ ወጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩትና ጀርባዬን ሰጥቼ በርከክ አልኩ። እግሮቹን ከፈት አድርጋ በወገቤ ግራና ቀኝ አደረገቻቸው። ነጠላዋን በብብቴ ሥር አዙራ ደረቴ ላይ ቋጠረችው። ቀና ስል መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቅ ብሎ ነበር። 3ኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ሰውነቱ ላላ። ጉንጩን ማጅራቴ ላይ ጣል አደረገው።

6 ዓመት ሙሉ ይህ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር።

ታች ሴቶቹ ቡና እየጠጡ ነበር፤ ዝም አሉ። ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እናቱ የለችም እንዴ?» አለኝ። አለች አልኩት። ፊዚዮቴራፒው ጋ ስንደርስ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እናቶች ናቸው፤ አባት እኔ ብቻ። ትከሻዬ በለሃጩ ርሷል። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ምንም ሳትናገር በሶፍት ጠረገችልኝ።

ይኸው ዓመት አለፈ፣ ባለቤቴም ተሽሏት አሁንም የማዝለው እኔ ነኝ። ግን ልጁ እየከበደ ነው። ሌሎቻችሁ አባቶች እንዴት ነው የምታደርጉት? ሥራስ እንዴት አድርጋችሁ ያዛችሁ? እኔ ለቀጠሮ ቀን ስቀር ደንበኛ እየሄደብኝ ነው። በቤቴ ከዚህ ሌላ ጭንቀት የለም፣ ተመስገን።

የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)

ወንድሜ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ አነበብኩትና ተነስቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ሰው እንዳያየኝ።

ትንሿ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድሮም አለባት። አባቷ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ እናቱ ቤት ሄደ። አልተፋታንም። በየወሩ በቴሌብር ብር ይልካል፣ አንድም ወር አላጎደለም። ሲደውል «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይላል። የትንሿን ስም አይጠራም። የእሱ ቤተሰቦች «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብለው ነገሩን በእኔ ላይ ጣሉት። እሱም ዝም አለ። ከሁሉም ያመመኝ እሱ ዝም ማለቱ ነው።

መጠየቅ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ባለቤትህ ወገቧ ባይያዝ ኖሮ ታዝለው ነበር? ከዚያ በፊት ምን ብትልህ ነበር የምትሰማት?

ፊዚዮዋ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። የማሙሽ አባት፣ ባለቤትዎ እግሮቹን ከፍታ በወገብዎ ግራና ቀኝ ያደረገችው ነገር ቀላል እንዳይመስልዎ። እግራቸው እንደ መቀስ ለሚጠላለፍ ልጆች ጭናቸው ተለያይቶ ሲቆይ የተገተረው ጡንቻ ይላላል። ዳሌያቸውንም ይጠቅማል። 3ኛ ፎቅ ላይ የላላልዎት ለዚህ ነው። እንደ አራስ አጋድሞ ማቀፍ ግን እግሮቹን ይበልጥ ያገትራል። የእናቶቻችን ማዘል ለእንዲህ ያለ ልጅ ሕክምናም ነው። አንገቱን ገና ላልያዘ ልጅ ግን ጭንቅላቱ መደገፍ አለበት።

ሲያነሱት ከወገብዎ አይጎንበሱ። ቁጢጥ ብለው ልጁን ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው በጉልበትዎ ኃይል ይነሱ። ወገብዎ ከባለቤትዎ ወገብ የተለየ አይደለም። የዳሌ ራጅ ተነስቶ የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቁ። ዳሌ ቀስ በቀስ ከቦታው ሲወጣ መጀመሪያ ላይ ላያመው ይችላል፣ በዓይንም አይታይም።

ብየዳ እንደሚሠሩ ሲጽፉ ደስ አለኝ። እባክዎ ወንበር ይሥሩለት። ሲቀመጥ ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ሦስቱም ቀጥ ያለ ማዕዘን ይያዙ። የእግሩ መዳፍ ሙሉ በሙሉ መርገጫው ላይ ይረፍ፤ የተንጠለጠለ እግር ይገተራል። በጉልበቶቹ መካከል ስፖንጅ የለበሰ መለያያ ያስገቡ። ከፊቱ በክርኑ ልክ ጠረጴዛ ያድርጉለት፣ እጁን ያሳርፍበታል፣ ይጫወትበታል። ብረቱን ከመቁረጥዎ በፊት ልጁን ይለኩት፤ ከመቀመጫው እስከ ጉልበቱ ጀርባ፣ ከጉልበቱ ጀርባ እስከ ተረከዙ። ልጅ ያድጋልና መርገጫው በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ይሁን።

እህቴ ከአዳማ፣ ዳውን ሲንድሮም አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ አይደለም። 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ሲሆን የሚፈጠር ነው። ማንም ያጠፋው ነገር የለም። አንቺም፣ እሱም፣ ዘራችሁም። ልቧ በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ታይቷል? አንገት ላይ ያለው ዕጢ፣ ታይሮይዷስ? ካልታየ አስመርምሪያት። ሁለቱም በእነዚህ ልጆች ላይ በብዛት ችግር የሚያሳዩ ናቸው።

የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)

ልቧ ታይቷል፣ ደህና ነው። ታይሮይድ ግን ማንም አልነገረኝም። አመሰግናለሁ እህቴ። «ማንም ያጠፋው ነገር የለም» ያልሽውን ፎቶ አንስቼ ለእሱ ልኬለታለሁ። አንብቦታል። አልመለሰም።

ሾፌሩ

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ልበል። ልጄ ኦቲዝም አለበት። የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ ጅቡቲ፣ አዲስ አበባ። በወር ቤቴ የማድረው ስድስት ሰባት ቀን ነው። የልጁን ትምህርት ቤት የሚከፍለው ይህ መንገድ ነው። አባት ብር ብቻ ነው የሚያመጣው ሲባል ያመኛል። አፋር በረሃ ላይ ጎማ ስቀይር የማስበው እሱን ነው። ብር ማምጣትም ፍቅር ነው። ይህን የሚያይልን ሰው የለም።

የማሙሽ አባት

ወንድሜ ሾፌሩ፣ ልክ ነህ። ብሩን አላቃለልኩም። ብሩ ባይኖር ልጄ እዚህ አይደርስም ነበር። እኔ የምናገረው ስለ ራሴ ነው። እኔ ማታ ማታ ቤቴ ነበርኩ። አንተ እንደምትሄደው 800 እና 900 ኪሎ ሜትር አልራቅሁም። ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት ነው የራቅሁት።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለቤቴ በታመመች ሳምንት ቁርሱን ላበላው ተቀመጥኩ። አጋድሜ ክንዴ ላይ አስተኝቼ አጥሚቱን ሰጠሁት። ትን አለው፤ ፊቱ ጠቆረ። ደንግጬ ልሞት። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና አስተማረችኝ። ቀጥ አድርገህ አስቀምጠው፤ አገጩ ወደ ደረቱ ትንሽ ዘንበል ይበል። ማንኪያው ከፊት ለፊት፣ ከታች ይምጣ እንጂ ከላይ አይሁን። አጥሚቱ ወፈር ይበል፣ ቀጭኑ ነው ትን የሚያስብለው። እስኪውጥ ጉሮሮውን እይ። ከዋጠ በኋላም ትንሽ ቆይ፣ የቀረ አለ። ያኔ ነው ሁለተኛው ማንኪያ።

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ቁርስ 50 ደቂቃ ፈጀ። በቀን ሦስቴ ነው። እሷ ይህን 6 ዓመት ሠርታለች። እኔ ደግሞ ማታ ገብቼ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ያልኳት ቀን አለ። አሁን ሳስበው ያቃጥለኛል።

እህቴ ከአዳማ፣ ጥያቄሽን ሳልመልስ የቆየሁት አስቤበት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፤ ወገቧ ባይያዝ ኖሮ የማዝለው አይመስለኝም። ብዙ ነግራኛለች፤ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ሽማግሌም አስገባች። አልሰማኋትም። ክፋት አልነበረም። ልጁን መንካት እፈራ ነበር። እሰብረው ይመስለኝ ነበር። የማልችለውን ነገር እሷ እያየችኝ ከምሞክር ባልሞክረው መረጥኩ። ወንድ ሆኖ ይህን መናገር ከባድ ነው። የሰበረኝ ከእሱ ጋር ብቻዬን መቅረቴ ነው። አጠገቤ «እንዲህ አድርግ» የሚል እንጂ «ስጠኝ እኔ ላድርገው» የሚል ሰው አልነበረም። ለአንቺ ይሠራ ይሆን አላውቅም። የእኔ ይህ ነው።

ሾፌሩ

ማንኪያው ከታች የሚለውን አላውቅም ነበር። የኔ ልጅ መዋጥ አይቸገርም፣ ግን የእህቴ ልጅ እንደ ልጅህ ነው። እነግራታለሁ።

የደሴ አባት

ጠበል ስለተነሳ የእኔን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው።

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲም አለባት፣ የሚጥል በሽታም። ፊኖባርቢታል የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች። የዛሬ ሦስት ዓመት ሱባኤ ይዘን ጠበል ወሰድናት። እዚያ የነበሩ ሰዎች «ከጠበል ጋር መድኃኒት አይሄድም» አሉን። እኔም እምነቴ የጎደለ እንዳይመስል ኪኒኑን አቆምኩ። እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ እናቷ አይሆንም ብላ ነበር። በአራተኛው ቀን ሌሊት ጣላት፤ አልለቃትም። ሆስፒታል እስክንደርስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ተርፋለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከዚያ በፊት «አባ» ትል ነበር። ከዚያ በኋላ አላለችም።

የንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙ አዘኑ። «መድኃኒቱንም የፈጠረ እሱ ነው፤ በጠበሉ አውርደህ ስጣት» አሉኝ። አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው። ጠዋት በጠበል አውርጄ እሰጣታለሁ።

ፊዚዮዋ

ወንድሜ፣ ይህን መጻፍዎ ልጆች ያድናል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ የማያቆም መንቀጥቀጥ ያመጣል። መቀነስም ሆነ ማቆም የሚቻለው ሐኪም እያየ፣ ቀስ በቀስ ነው።

ሲጥላቸው ወደ ጎን አስተኟቸው። አፋቸው ውስጥ ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውሃም አይግባ። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም። ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ አትጠብቁ፣ ወደ ሆስፒታል።

ከቨርጂኒያ

እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት። «እዚያማ ሁሉ ነገር አለ» ትሉ ይሆናል። አለ። ግን የማሙሽ አባት ስለ መፍራት ያለው እዚህም አለ፤ በሌላ መልክ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለው። 3 ዓመቱ ላይ ሲታወቅ አንድ ባለሙያ «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፣ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» አለን። እኔ ቀን መጋዘን፣ ማታ ኡበር ነበር የምሠራው። እንግሊዝኛዬ የሥራ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ከመጣች ዓመቷ ነበር። «አትንካ»፣ «ና»፣ «ብላ» ከማለት ያለፈ ለልጅ የሚሆን እንግሊዝኛ አልነበረንም። እሹሩሩ እንኳ ቀረ። ሁለት ዓመት ቤታችን ጸጥ አለ። እኔም ከልጄ ጋር የምነጋገርበት አፍ ስላጣሁ ሥራ አበዛሁ።

ኋላ ሌላ የንግግር ባለሙያ አገኘን። «ስትናደዱም ስትስቁም በምትናገሩበት ቋንቋ አናግሩት፤ ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ አይጎዳም» አለችን። ያን ማታ ሲታጠብ በአማርኛ ሳወራለት አመሸሁ። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም፤ ስለ አያቱ፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ ሳሙናው። ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉን አለ። «ውሃ» ነበር።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የልጃችሁን የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣው ስብሰባ፣ አይ.ኢ.ፒ. የሚሉት፣ ላይ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። በነፃ። የፌዴራል ሕግ ነው። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ራሴን እየነቀነቅሁ ስፈርም ኖርኩ፣ ምን እንደፈረምኩ ሳላውቅ። ዘመድ ወይም ትልቁን ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። አማርኛ አስተርጓሚ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ታላቅ እህት

እኔ ወላጅ አይደለሁም። የ26 ዓመት ሴት ነኝ፣ ወንድሜ 22 ነው፤ ኦቲዝም አለው። አባቶች ካነበባችሁ አይቀር እኛም እንዳለን እወቁ ብዬ ነው።

ልጅ ሳለን እንግዳ ሲመጣ አባቴ ወንድሜን ወደ ጓዳ ያስገባው ነበር። እኔም አብሬው እገባለሁ፣ እንዳይጮህ ዝም የማሰኘው እኔ ነኝ። ስንት የዘመን መለወጫ፣ ስንት ገና ጓዳ ውስጥ አሳልፌያለሁ። በኋላ እናቴ ወይዘሮ ዘሚ የኑስን በቴሌቪዥን አየቻቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በፈረንጆቹ 2002 ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት። ልጃቸውን ይዘው ሕዝብ ፊት ሲናገሩ እናቴ አየችና ተነስታ የጓዳውን በር ከፈተች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተዘጋም። አባቴ ግን እንግዳ ሲመጣ ራሱ ይወጣ ጀመር።

አሁን አርጅቷል። ወንድሜን እሱ ነው የሚላጨው። በየእሑዱ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ። ወንድሜ ምላጭ ይፈራል፣ ከአባቴ እጅ ብቻ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ አትርሱ፣ በኋላም ይጀመራል።

ግን የእኔን ልጠይቅ። ጤነኛ የምትሉት ሌላ ልጅ ካላችሁ በወር አንድ ቀን ለእሱ ብቻ ስጡት። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ትረጃለሽ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ስምንት ዓመቴ ነበር። አልረዳም ነበር።

የደሴ አባት

ልጄ፣ ይህን የጻፍሽውን አንብቤ የበኩር ልጄን ጠራሁት። ምን እንደምለው ግን ጠፋኝ። ነገ ኳስ ሜዳ እንሄዳለን አልኩት።

የሕግ ሰው

የማሙሽ አባት ስለ ሥራ ስለጠየቀ በአጭሩ። የግል ድርጅት ለምትሠሩ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አባት ሚስቱ ስትወልድ 3 ተከታታይ ቀን ከክፍያ ጋር ያገኛል። ከባድ ችግር ሲገጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን መጠየቅ ይቻላል። ለመንግሥት ሠራተኛ በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 የአባትነት ፈቃዱ 10 የሥራ ቀን ነበር፤ አዋጁ ግን ኋላ በሌላ ተተክቷል። 3 ቀን ለማንም አባት አይበቃም፤ አራስ ልጁ ኦክስጅን ላይ ላለ አባትማ ምን ይባላል። በራሱ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ይህም የለም።

የማሙሽ አባት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ።

ወንበሩን ሠራሁት። አንድ ኢንች ካሬ ብረት ነው። የአልጋ ስፖንጅ ቆርጬ በቆዳ አለበስኩት፣ ለሃጭ እንዳይገባበት። ልጁን ወርክሾፕ ወስጄ እዚያው ለካሁት። መጀመሪያ መርገጫውን ዝቅ አድርጌው ነበር፤ ፊዚዮዋ እንዳሉት ተረከዙ አልነካም፣ እግሩ ወዲያው ተገተረ። አንድ ጣት ያህል ከፍ ሳደርገው ረገጠ። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ማንኪያና ባዶ ቆርቆሮ አስቀመጥኩለት። ማንኪያውን ለመያዝ ግማሽ ቀን ታገለ። ያዘው። አሁን ቤታችን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆርቆሮ ይመታል። የታችኛው ፎቅ ሰዎች ምን እንደሆነ ሊጠይቁ መጡ፤ ገብተው አዩት፣ ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ቤቱንም ልንቀይር ነው። ምድር ላይ የሚኖሩ አንድ ሰውዬ ጫጫታው ሰለቸኝ ሲሉ ሰማሁ። ሄጄ አናገርኳቸው፣ እንለዋወጥ ብያለሁ። ከአከራዮቹ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል።

ይህን ወንበር ለሌላ ልጅ የሚፈልግ ካለ ልኬቱን ይላክልኝ። የብረቱን ዋጋ ብቻ ነው የምቀበለው።

የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥህ። ቆርቆሮውን እዚህ የሰማሁት መሰለኝ።

እኔም ልንገራችሁ። ቅዳሜ መጣ። ልብስ ልውሰድ ብሎ ነው። ትልቁን ላጥበው ነው፣ ትንሿን ያዝልኝ ብዬ እጁ ላይ ሰጠሁትና ከትልቁ ጋር ወጣሁ። መታጠቢያ ቤት አልገባሁም። ገበያ ሄድኩ። ልቤ እየመታ። አንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ደወለ። መጀመሪያ «የት ነሽ?» አለ። ቀጥሎ «ምንድን ነው የምትበላው?» አለ። ሦስተኛው ላይ «ይህቺ ልጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትስቀው?» አለኝ። በስሟ ነው የጠራት።

ሁለት ሰዓት ቆይቼ ተመለስኩ። ሹራቧን ገልብጦ አልብሷታል። ፀጉሯ ላይ ሽሮ አለ። ልብሱን ሳይወስድ ሄደ።

ፊዚዮዋ

ሹራቡን አስተካከልሽው?

የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)

አላስተካከልኩም። እስክትተኛ እንደዚያው ለብሳው ዋለች። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።